ላይ አራስ፣ ታች ለቅሶ



እናቴ ያረፈችው ልጄ በተወለደች በ9ኛው ቀን ነው። በዚህ የጀመርኩት እንዲያጽናኑኝ ፈልጌ አይደለም፤ ወራት አልፈዋል፣ አጽናኝም አላጣሁም። የምጽፍልዎ አንድ ጥፋት ስላጠፋሁ ነው። ብቻዬን አላጠፋሁትም፤ ትልልቅ ሰዎች መከሩኝ፣ እኔም ሳላቅማማ ተቀበልኩ። እርስዎም አንድ ቀን በአንድ እጅዎ ጨቅላ፣ በሌላው መርዶ ይዘው የቆሙ እንደሆነ ያው ምክር ይመጣልዎታልና አስቀድሜ ላውጋዎት።

ምክሩ ሦስት ቃል ነው፦ ለአራስ መርዶ አይነገርም።

መጀመሪያ ግን ስለ ዱቄቱ። እናቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነበር፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ባለቤቴ ሰባተኛ ወሯን ከያዘችበት ጊዜ ጀምሮ እናቴ ገብስ ስትለቅም፣ ስታስሸከሽክ፣ ስታስፈጭ ከረመች። ልጅቷ ልትወለድ አንድ ሳምንት ሲቀራት በአውቶቡስ ሰው አስይዛ ላከችው፤ ግማሽ ማዳበሪያ የገንፎ ዱቄት፣ ለአጥሚት የሚሆን አጃ፣ በጣሳ የታሸገ ቅቤ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያንን የአገራችንን ወፍራም ብርድ ልብስ። "አዲስ አበባ ገብስ ጠፋ እንዴ?" ብላት፣ "አልጠፋም፣ እኔ አልለቀምኩትም እንጂ" አለችኝ። ልጅቷ ስትወለድ በስልክ እልል ብላ፣ "20 ቀን ሲሞላት እመጣለሁ፣ እስከዚያ ቤቴን ሰው ላስይዝ" አለች።

ስልኩ የተደወለው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። አጎቴ ነበር። ባለቤቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታጠባለች። "ማን ነው?" አለችኝ። "ከሥራ ነው" አልኳት። በሌሊት 10 ሰዓት የሚደውል ሥራ የለኝም፤ እሷ ግን ዘጠኝ ቀን ሙሉ በወጉ ያልተኛች ሰው ናትና አመነችኝ። የመጀመሪያው ውሸት ይኸው ነበር። ሁለተኛው "ድንገተኛ የመስክ ሥራ መጣብኝ" የሚለው ሆነ፤ እናቴን የቀበርኳት በመስክ ሥራ ስም ነው።

ሠልስቷን ሳልጠብቅ ተመለስኩ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለቅሶ የሚደርሰኝ ሰው የት ይቀመጥ? ሦስተኛ ፎቅ አራስ አለች። ድንኳን እንዳይጣል ከመስኮት ይታያል። በመጨረሻ ግራውንድ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ሳሎናቸውን ለቀቁልኝ፤ የዕድሩ ወንበሮች ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ገቡ። እኔ ጥቁሩን ሸሚዝ ከሴትዮዋ በር ጀርባ ሰቅዬ፣ ነጩን ለብሼ ወደ ላይ እወጣለሁ፤ ስወርድ ደግሞ ነጩን ሰቅዬ ጥቁሩን። ታች ንፍሮ፣ ላይ ገንፎ። ሁለቱንም በአንድ ሰዓት ውስጥ የበላሁበት ቀን ነበር፤ ሁለቱንም ያበሰሉት እነዚያው ጎረቤቶች ናቸው። ደረጃው ላይ ያገኙኝ አንድ አዛውንት "እግዜር ያጽናህ" ብለው ጀመሩ፣ ወደ ላይ እየወጣሁ መሆኑን ሲያዩ "እንኳን ማርያም ማረችልህ" ብለው አረሙ፣ ከዚያ "ኧረ ምን እንደምልህ ጠፋኝ ልጄ" ብለው ትከሻዬን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ሁሉ ሰው ቃል እስካሁን የማልረሳው የእሳቸውን ነው።

መሥሪያ ቤትም ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ለሚወልድ አባት 3 ተከታታይ ቀን፣ የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ደግሞ 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። የልደቱን ጨርሼ ሥራ እንደገባሁ የሞቱን ጠየቅኩ። የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን አስቀምጣ አየችና ምንም ሳትል ፈረመች። ለወለደች እናት ሕጉ የሚሰጣት 120 ቀን ነው፤ አልቀናሁባትም፣ ሲያንሳት ነው። ግን አባት በ3 ቀን ምን ይሆናል ተብሎ እንደታሰበ አንድ ቀን ሕግ አውጪ ባገኝ እጠይቃለሁ።

እንግዲህ እንዲህ እያልኩ 11 ቀን ቆየሁ። ባለቤቴ ለእናቴ ልደውል ባለች ቁጥር "ኔትወርክ የለም" እላለሁ። አገራችን ውስጥ ይህ ውሸት ሁልጊዜ ይታመናል። "ዱቄቱ እንዴት እንደሆነ ልንገራቸው፣ ላመስግናቸው" ትላለች፤ "አደርስልሻለሁ" እላለሁ።

በ11ኛው ቀን ልጅቷ 20 ቀን ሞላት። ማታ ባለቤቴ ሕፃኗን እያስገሳች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ "ዛሬ አልነበር እማማ የሚመጡት?" አለችኝ። ዝም አልኩ። ትንሽ ቆየችና "ሴት ስለሆነች ቅር ብሏቸው ነው አይደል?" አለች።

ለካ ሳምንቱን ሙሉ ስታስብ የከረመችው ይህንን ነው። እኔ ጡቷ እንዳይደርቅ፣ ነፍሷ እንዳይደነግጥ ብዬ ስጠነቀቅ፣ እሷ ደግሞ ገብስ ለቅማላት የሞተችውን ሴት ልትቀየማት ነው። ተከላከልኩላት ያልኳት ሚስቴ ተጠራጣሪ ሆነች፤ ራሷን ልትከላከል የማትችለው እናቴ ደግሞ ታማች። ነገርኳት።

አልጮኸችም። "ስንት ቀን ሆነ?" አለች። "አሥራ አንድ" አልኳት። "አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ስስቅ ዝም ብለህ አየኸኝ።" ከዚያ ልጅቷን አስታቀፈችኝና ለቅሶውን ለቀቀችው፤ እንደ ወጉ፣ ደረቷን ይዛ፣ እናቴን በስሟ እየጠራች። ግራውንድ ድረስ ተሰማ። ወዲያው ደረጃው በእግር ድምፅ ተሞላ። ታች የነበሩት ሁሉ ወጡ፤ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ አራስ ቤት ገቡ። አንዷ ሕፃኗን ተቀበለችኝ፣ ሌላዋ ባለቤቴን አቅፋ አብራት አለቀሰች፣ እኚያ ሳሎናቸውን የሰጡን እናት ደግሞ ገንፎ ሊያገነፉ ማድቤት ገቡ። እኔም በነጩ ሸሚዝ አለቀስኩ። ለካ ከቀብሯ ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር፤ ሸሚዝ ስቀያይር ጊዜ አላገኘሁም።

ስለ ጡቱ እውነቱን ልንገርዎ፣ ምክንያቱም ሁሉም የሚያስፈራራው በእሱ ነው። ያን ሌሊት ወተቱ አልወርድ አለ። ልጅቷ እስከ ንጋት አለቀሰች። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደን ነርሷን ስንጠይቃት፣ ድንጋጤና ሐዘን ወተቱ እንዳይፈስ ለጊዜው ይይዘዋል እንጂ አያደርቀውም፤ መድኃኒቱም ልጅቷን ከጡት አለማራቅ ነው፣ መጥባቷ ራሱ ወተቱን ይጠራዋል አለችን። የዚያኑ ዕለት ማታ ተመለሰ። አንድ ሌሊት ነው የፈጀብን። እኔ እሱን ፈርቼ 11 ቀን ዋሸሁ።

ልማዱን የምንቅ ሰው አይደለሁም። ሴት በወሊድ በየጊዜው ትሞት በነበረበት ዘመን፣ አራስ ማለት ከመቃብር አፋፍ የተመለሰች ሰው ማለት ነበር፤ ያኔ ክፉ ወሬ ከደጃፏ መመለስ ማስተዋል ነው። በምጥ ላይ ላለች፣ ደም ለሚፈሳት ሴት ዛሬም ቢሆን መርዶ አይነገር። የእኔ ቤት ነገር ግን ሌላ ነበር። አራሷ ደህና ነበረች። መርዶውን የፈራሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ካላለቀሰች እናቴ በከፊል ያልሞተች ይመስለኝ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እናቴ ገና ልትመጣ ናት። ያንን ቤት ማፍረስ ከበደኝ። ባለቤቴ አሁንም አንዳንዴ ስንጋጭ ታነሳብኛለች፤ አራስ ነብር የሚሉት ምን እንደሆነ ያኔ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ መጣ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች፤ አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት ገቡ ተብሎ በኩፋሌ የተጻፈው ነው መነሻው። ለሞተ ሰውም የምንቆጥረው 40 ነው፣ 80ም ነው። ስለዚህ ማቀዝቀዣችን ላይ የተለጠፈው የቀን መቁጠሪያ አንድ ዓይነት ቁጥር በሁለት ቀለም ያዘ። የእናቴ አርባ የልጄ 49ኛ ቀን ላይ ዋለ። ሴት የወለደች እናት 80 ቀን ሳይሞላት ቤተ መቅደስ አትገባምና ባለቤቴ ለፍትሐቱ አልገባችም፤ ከቅጥሩ ውጭ ልጅቷን በዚያ በወፍራሙ ብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መልሳ ቆመች። እኔ ከውስጥ ሆኜ ልቤ ከውጭ ነበር።

ስሙም ነገር ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ "ምትኬ በሏት" አለን። "ካሳነሽ" ያሉም ነበሩ፤ አጎቴ "ማስረሻ" አለ። ሁሉም በፍቅር ነው። እግዜር እናትህን እንደወሰደ ልጅ ሰጠህ፣ ተካልህ፣ ይላሉ። እኔ ግን እንቢ አልኩ። ገና አንገቷን ያላቀናች ልጅ የአንዲት የ68 ዓመት ሴት ካሳ ልትሆን አትችልም፤ ዕዳው ይከብዳታል። አድጋ ስሟ በተጠራ ቁጥር የሌላ ሰው ሞት እንዲጠራባት አልፈለግሁም። የሚገርመው፣ ልጄ ከስሟ ቀጥሎ የእኔን፣ ከእኔ ቀጥሎ የአባቴን ስም ትይዛለች፤ ገብሱን የለቀመችው ሴት ስም ከሰነዱ ላይ የትም የለም። የስም አወጣጣችን እንዲህ ነው። ልጅቷን በእናቴ ስም ልጥራት ብዬም አስቤ ነበር፤ ባለቤቴ "ተቆጥቼ ስጠራት አፌ ይያዛል" ብላ ከለከለችኝ፤ ልክ ናት።

ቀብሩም፣ አርባውም ከብዶኝ ነበር። እንደ ስቅታው ግን የከበደኝ የለም። ልጅቷ ሁለት ወር ሳይሞላት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስቅ ስቅ አላት፣ አልተው አላት። ከነጠላው ጫፍ ክር መዘው፣ በምራቅ አርሰው ግንባሯ ላይ ይለጥፋሉ፤ እናቴ ስታደርግ አይቻለሁ። ግን ክሩ ነጭ መሆን አለበት ወይስ ቀይ? ስልኬን አንስቼ፣ ስሟን ፈልጌ፣ ልደውል ጣቴን ካስጠጋሁ በኋላ ነው ያስታወስኩት። ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ፤ እኔ ሕፃን ሳለሁ ስቅ ይለኝ ነበር? አልቃሻ ነበርኩ? መቼ ዳኽኩ? ይህንን በዓለም ላይ የሚያውቅ ሰው አንድ ነበር፣ መጠየቅ የጀመርኩት ደግሞ ከሞተች በኋላ ነው። ወላጅ ሲሆኑ ወላጅ የሚፈለገው ለምክር ብቻ አይደለም፤ ለምስክርነትም ነው። እርስዎ እናትዎ በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ ይደውሉና መቼ እንደዳኹ ይጠይቋቸው። ሌላ ምክር የለኝም።

ዱቄቱ እያለቀ ሄደ። ባለቤቴ አንድ ቀን ማዳበሪያውን አራግፋ፣ የቀረውን አንድ ጣሳ ያህል ነፍታ፣ ክዳኑ የሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችና "ይሄ አይነካም" አለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ነርሷ ልጅቷ 6 ወር እስኪሞላት ከጡት ሌላ ውኃም እንዳይሰጣት ነግራን ነበር። 6 ወሯ ትናንት ሞላ። የእናቴ መንፈቅ በሚመጣው ሳምንት ነው።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ቆርቆሮውን ከፈተች። ቀጠን ያለች ገንፎ አገነፋች፤ በርበሬም ጨውም የላትም፣ ቅቤ ጠብ አድርጋባታለች። ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። የመጀመሪያውን ማንኪያ አፏ ውስጥ አገላብጣ፣ ግንባሯን ቋጥራ፣ ሸሚዜ ላይ ተፋችው። ባለቤቴ አገጯ ላይ የቀረውን በማንኪያው ጫፍ ሰብስባ መልሳ አጎረሰቻት።