በዝናብ ቀን ልጆቹን ወዴት እንውሰዳቸው?

እሑድ ከምሳ በኋላ ሰማዩ ሲጠቁርና ቆርቆሮው መንኳኳት ሲጀምር፣ በአንዲት ክፍል የታጎሩ ሁለት ልጆች በአንዲት ኳስ ሲጣሉ የሚሰማውን ጩኸት የማያውቅ ከመካከላችሁ ካለ፣ እርሱ የታደለ ሰው ነው። እኔ አልታደልሁም። ልጆቼ የሰባትና የአምስት ዓመት ናቸው፤ ቤታችን ጠባብ ነው፤ ደመወዝ ከተቀበልሁ ደግሞ ሃያ ቀን አልፎኛል። እንዲህ ባለ ቀን ብዙ አባት ዝናቡን በልቡ ያመሰግናል። ወደ ኬክ ቤት ላለመውጣት ጥሩ ምክንያት ይሆነዋልና። ልጆቹን የእጅ ስልኩን ሰጥቶ ዝም ያሰኛቸውና እርሱ ብርድ ልብሱን ይከናነባል።

ተማሪዎችም ብትሆኑ ከዚህ አታመልጡም። የእኅት ልጅ ወይም ለክረምት ከገጠር የመጣ ታናሽ ወንድም አይጠፋምና፣ «ከተማውን አሳየው» ተብሎ በእናንተ ላይ ይጣላል። ከተማውን በሐምሌ ጭቃ እንዴት አድርጎ ያሳዩታል?

እኔም ይህ ጭንቅ የጠናብኝ ባለፈው ክረምት ነበር። የእናቴ ታላቅ እኅት፣ አክስቴ፣ ለዓይናቸው ሕክምና ከመንዝ መጥተው ከእኛ ጋር ተቀምጠው ነበር። አንደኛውን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ሁለተኛውም ደክሟል። ተራቸው እስኪደርስ ድረስ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጠው እንዝርታቸውን ሲያሾሩ ይውላሉ። ልጆቼ «እማማ» ይሏቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚሉት አያገኙም። እርሳቸውም ምርቃት ከሰጡ በኋላ ዝም ይላሉ። በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሲተያዩ ማየት ያሳፍራል። አገናኛቸው የምባለው እኔ ነበርሁና ያፈርሁትም በራሴ ነው።

አንድ እሑድ ጥዋት ግን ሦስቱንም ይዤ ወደ ስድስት ኪሎ ሄድሁ። የያዝነው አንድ ጃንጥላ ነበር፤ እርሱም ለአክስቴ ሆነ።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር ብዙዎቻችሁ ከውጭ ታውቁታላችሁ። በዚያው ግቢ እየተማራችሁ አራት ዓመት ሙሉ ያልገባችሁበት እንዳላችሁም አውቃለሁ፤ እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርሁ። ቤቱ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። በጣሊያን ዘመን እንደራሴው ግራዚያኒ ተቀምጦበታል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩበትም በዚሁ ግቢ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በተደረገ ጊዜ ደግሞ እነ ራስ አበበ አረጋይና እነ ራስ ሥዩም መንገሻ በዚሁ ቤት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ተገደሉ። ንጉሠ ነገሥቱም በኋላ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት፤ በ1954 ዓ.ም. የተማሪ ቤት ሆነ። ተቋሙ በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት የመጀመሪያው ዲሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ።

ይህን ሁሉ ለልጆች አንድ በአንድ ዘርዝሩ አልላችሁም። የሰባት ዓመቱ ልጄ ከሁሉ አስቀድሞ ያየው ከቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ወደ ሰማይ ዞሮ የሚወጣ ደረጃ ነው። ደረጃው የትም አያደርስም። ጣሊያኖች የሠሩት ነው፤ ሙሶሊኒ በ1915 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን አቆሙለት። ከነጻነት በኋላ ግን የይሁዳ አንበሳ ከላዩ ወጥቶ ተቀመጠ። ልጁ በዝናብ ውስጥ ቆሞ እርከኖቹን ቈጠራቸው። እናንተም ስትሄዱ ልጆቻችሁን አስቈጥሩአቸው፤ የወረራው ዘመን ሲደርስ ደረጃው ለምን እንደ ቆመ ራሳቸው ይጠይቋችኋል።

ወደ ውስጥ ስንገባ ግን የፈራሁት ነገር መጣ። እቃዎቹ በመስተዋት ውስጥ ናቸው፤ ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ አክስቴ ደግሞ ጽሑፍ አያነቡም፤ ዓይናቸውም አያይም። እጃቸውን ዘርግተው መስተዋቱን ዳሰሱና «ምንድር ነው ያለው?» አሉ። እኔ የጽሑፉን ሰሌዳ ፍለጋ ስንጠራራ ልጄ ቀደመኝ።

«ከቆዳ የተሠራ ነው እማማ። ዛጎል ተደርድሮበታል።»

«ማሠሪያ አለው?»

«ረጅም ማሠሪያ አለው። አራት መሰለኝ።»

«እንግዲያ አንቀልባ ነዋ! ቆዳው ለስላሳ ይመስላል ወይስ የደረቀ?»

ልጁ አፍንጫውን ከመስተዋቱ ላይ ለጥፎ ተመለከተ። አክስቴም ቆዳው በእንቧይ ተፍቆ በቅቤ እንደሚታሽ፣ ሳይታሽ ቢቀር የሕፃኑን ጭን እንደሚልጥ፣ ዛጎሉንም የምታስጌጠው እናት መሆኗን ነገሩት። ከዚያ ወዲያ ሥራው በራሱ ሄደ። ልጆቹ ያያሉ፤ እርሳቸው ስሙን ያወጣሉ። በሚገባ ያላዩትን ነገር «ተመለስና እየው» ብለው ይልኳቸዋል። እኔ ለብቻዬ ብሆን በሃያ ደቂቃ ጨርሼው የምወጣውን ክፍል አንድ ሰዓት ተኩል ቆየንበት።

ይህ እንዲሆን ያገዘን የቤቱ አደራረግ ነው። እቃው በብሔረሰብ ወይም በጠቅላይ ግዛት ተከፋፍሎ አልተቀመጠም፤ በሰው ዕድሜ ነው። መጀመሪያ ልደትና ልጅነት ይመጣል፤ ቀጥሎ ጉልምስና፣ ከነአደኑ፣ ከነጦርነቱ፣ ከነእጅ ሥራውና ከነመድኃኒቱ፤ በመጨረሻ ሞትና መቃብር። ስለዚህ የአፋርም ይሁን የኮንሶ፣ የመንዝም ይሁን የጉራጌ፣ ልጅን ያሳደገች ሴት ያን ቤት ስትዞር ራሷን አታጣም። አክስቴ የሌላ አገር እቃ ሲነገራቸው «እነርሱስ በምን ያዝላሉ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ከመጨረሻው ክፍል ደጃፍ ስንደርስ ግን የመቃብር ነገር መሆኑን ብነግራቸው «ይኸኛውን በቅርቡ ብቻዬን አየዋለሁ፤ ለዛሬ ይቅርብኝ» ብለው ዘወር አሉ።

አሁን ልነግራችሁ ወደ ወደድሁት ነገር ልመለስ። ከአንቀልባው ፊት ቆመን ሳለን ትንሿ ልጄ «እማማ፣ እርስዎ ማንን አዝለዋል?» ብላ ጠየቀች። «አባትሽን» አሉ። የሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ኩፍኝ ይዞኝ ጤና ጣቢያ መወሰዴን አውቃለሁ። ያዘለችኝ ግን እናቴ ናት ብዬ ሠላሳ ዓመት አምኜ ኖሬአለሁ። ለካ እናቴ አራስ ነበረች። አዝለውኝ ሙሉ ቀን የሄዱት፣ የሞላ ወንዝም የተሻገሩት አክስቴ ናቸው።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አሉኝ።

አንባቢዎቼ፤ መልስ አልነበረኝም። ወደሚቀጥለው መስተዋት ሄድን።

ከዚያ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት እንደ ነበረ ተጠብቆ ይታያል። ልጆች የሚወዱት መታጠቢያውን ነው። ምክንያቱን አትጠይቁኝ፤ ንጉሥም ገላውን ይታጠባል ብለው ያላሰቡ ይመስለኛል። ከላይኛው ፎቅ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላት፣ መስቀሎችና የዜማ መሣሪያዎች አሉ፤ እኛ ግን አልወጣንም፤ ልጆቹ ደክመዋል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ገንዘብ ከፍያለሁና ሁሉንም ማየት አለብኝ የሚል ሰው ልጆቹን ለሁለተኛ ጊዜ ይዞ መሄድ አይችልም፤ እነርሱ እንቢ ይላሉ። ለአገር ሰው የሚጠየቀው ዋጋ ከውጭ አገር ሰው ያነሰ ስለ ሆነ ሁለት ጊዜ መሄድ አያከስርም። መታወቂያችሁን ብቻ አትርሱ፤ በግቢው በር ይጠየቃል።

ሌሎቹን ቤቶች ባጭሩ ልንገራችሁ። ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ስትወርዱ ብሔራዊ ቤተ መዘክር አለ፤ ድንቅነሽ ያለችው እዚያ ነው። በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ከአጽሟም መቶ እጅ አርባው ያህል ተገኝቷል። ለሕዝብ የሚታየው አምሳያው ሲሆን እውነተኛው አጽም በጥንቃቄ ተቆልፎ ይቀመጣል። ልጆች ስለሚጠይቁ እውነቱን ንገሩአቸው፤ አይከፉም። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ጥቂት ብቻ ይበልጣልና የአምስት ዓመቷ ልጄ አጠገቧ ቆማ «እኔን ታክላለች፤ ልጅ ናት» ብላ ፈረደች። ልጅ አይደለችም፤ በስተመጨረሻ የሚበቅሉት መንጋጋዎቿ ወጥተዋል። ከዚህም የባሰ እንቆቅልሽ አለ። በ1993 ዓ.ም. በዲኪካ የተገኘችውን ሕፃን፣ ሰላምን፣ አንዳንድ ሰዎች የድንቅነሽ ልጅ ይሏታል። ሰላም ግን 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስለሚሆናት ከ«እናቷ» በመቶ ሺህ ዓመት ትበልጣለች። ይህን ነገር ለልጄ ነግሬው ወደ ቤት እስክንደርስ ሲከራከረኝ መጣ።

አራት ኪሎ በሳይንስ ፋኩልቲ ውስጥ የእንስሳት ቤተ መዘክር አለ። አውሬ ለመፍራት ለሚወዱ ልጆች ነው፤ ቆዳቸው ተሞልቶ የቆሙ እንስሳትና አዕዋፍ ያዩበታል። በ2015 ዓ.ም. የተከፈተው የሳይንስ ሙዚየም ደግሞ ማሽን የሚፈታታ ልጅ ላለው ሰው ይስማማል። እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የምወደው የአፍሪካ አዳራሽን ነው። አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት የመስተዋት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን በሦስት ክፍል ያሳያል። አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል፤ ለመግባት ግን አስቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል። የሚያምረው ከዝናቡ መካከል ፀሐይ ብቅ ስትል ነው። ልጆቹን ወለሉን ሳይሆን ሥዕሉን ተመልከቱ ብላችሁ አትቆጡአቸው፤ እኔ ያየኋቸው ልጆች በወለሉ ላይ በወደቀው ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ላይ እየዘለሉ ነበር፤ ደስ አለኝ።

ለሥራ ከአዲስ አበባ ውጭ የተመደባችሁ ጀማሪ ሠራተኞች «የአዲስ አበባ ሰው ለራሱ ብቻ ይጽፋል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በሐረር የአብዱላሂ ሸሪፍን ቤተ መዘክር እዩ፤ አንድ ሰው በራሱ ትጋት ምን ያህል መሰብሰብ እንደሚችል ይታይበታል። ጂንካ ላይም የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከል ቤተ መዘክር አለው። ይህም ባይኖር በየቤቱ አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት፣ አንድም አሮጌ ሞሰብ አይጠፋም።

አክስቴ በዚያ እሑድ ካገኙት ነገር ሁሉ ወደ ቤታችን የገባው ገበጣ ነው። ልጆቹ ከልጅነት ክፍሉ ከወጡ ጀምሮ «አስተምሩን» ብለው ያዟቸው፤ ሰሌዳ ግን ከየት ይምጣ? ባለቤቴ ሠላሳ እንቁላል የሚይዘውን የወረቀት ማስቀመጫ አመጣች። በአንድ ጎኑ ስድስት፣ በሌላው አምስት ጎድጓዳ አለው፤ ሁለቱን ረድፍ ቆርጠን ስንጥል ባለ ስድስት ቤት ሦስት ረድፍ ቀረ፤ አሥራ ስምንት ቤት ማለት ነው። በየቤቱ ሦስት ሦስት ባቄላ ሲገባ አምሳ አራት ይሆናል። ለዚህ ጨዋታ ዓይን አያስፈልግም፤ አክስቴ በጣታቸው ዳስሰው ይቈጥራሉ። ፓንክረስት እኮ እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ገበጣ ሰፊ ጥናት ጽፈዋል ብላቸው፣ «ለዚህም ይጻፋል እንዴ?» ብለው ሳቁና ወዲያው የልጄን ባቄላ ጠራርገው ወሰዱበት።

በነሐሴ መጨረሻ ሞራው ተነሣላቸው። ፋሻው በተፈታ በሳምንቱ ወዴት መሄድ እንደሚፈልጉ ብጠይቃቸው «ወደዚያ ወደ ንጉሡ ቤት» አሉ። ሄድን። አሁን እኔና ልጆቹ ወደ ኋላ ቀረት አልን፤ እርሳቸው ቀጥ ብለው ከአንቀልባው ፊት ቆሙ። ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

«ዛጎሉ ደኅና ነው» አሉ በመጨረሻ። «ማሠሪያው ግን አጠረ። በዚህስ ወንዝ አልሻገርም።»