በማን ነው የምንስቀው?

ሐያስያኖቻችን የሚወቅሱት ፊልም አጥተው አያውቁም። ጓደኛሞች ዝናና ገንዘብ ፍለጋ ይነሳሉ፤ ይዋሻሉ፣ ይዋረዳሉ፣ በመጨረሻ አንዱ ሀብታም ያገባል። ‹‹የወንዶች ጉዳይ›› በ2007 እ.ኤ.አ. ወጥቶ የኮሜዲ ገበያ ከደራ ወዲህ የዚህ ዓይነቱ ፊልም ባይቆጠር ይሻላል። ፍርዱም ያው ነው፤ ‹‹ተራ ቀልድ! ጭብጥ የለውም!››

ለመሆኑ ሀብት ፍለጋ መንከራተት ከመቼ ወዲህ ነው ባዶ ነገር የሆነው? ቻርሊ ቻፕሊን በ1925 እ.ኤ.አ. በሠራው ‹‹የወርቅ ጥድፊያ›› ወርቅ ፈላጊው ርቦት ጫማውን ቀቅሎ ሲበላ ዓለም ስቋል። ረሃቡ ግን የእውነት ረሃብ ነው። የእኛ ዘመናዊ ቴአትርስ ቢሆን የተጀመረው በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ‹‹የአውሬዎች ኮሜዲያ›› አይደለም? ሹማምንቱን ስለነካ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ተራ ቀልድ ቢሆን ማን ይፈራው ነበር?

የእኔ ጠብ ሌላ ነው። በባሕር ዳርና በወረታ መካከል ባለችው ሐሙሲት፣ አንድ ቪዲዮ ቤት ገብቼ ከእነዚህ ፊልሞች አንዱን አይቻለሁ (ስሙ ይቅር)። አግዳሚው ሁሉ ሞልቷል። የሚሳቅበት ማን ነበር? ከገጠር የመጣው ጓደኛ! አነጋገሩ ያስቃል፣ ጫማው ያስቃል፣ አስፋልት መሻገሩ ራሱ ያስቃል። አጠገቤ የተቀመጡት ልጆች በገዛ አነጋገራቸው ሳቁ። አንዱ ብቻ ‹‹እኛን እኮ ነው›› አለ፣ ቀስ ብሎ። ይህን ነገር አንስቶ የጻፈ ሐያሲ እስካሁን አላነበብሁም። እነሱ የተቆጡት ፊልሙ በማሳቁ ነው።

ደራሲዎቹ እስቲ ከቦሌ ወጣ ይበሉ። የፎገራ ጎረምሳ የአባቱ የሩዝ ማሳ ለወንድማማች ተከፋፍሎ ሲያልቅበት፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ሲወርድ ኖሯል። ለእናቱ ነጠላ፣ ለእህቱ ጫማ፣ ለራሱ ደግሞ ሞባይል ቃል ገብቶ ነው የሚሄደው። ቆላው ወባ አለው፤ ሂሳብ ሳይከፍል የሚሰወር ደላላም አለው። ሲመለሱ ግን የሚያወሩትን የሰማ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ወባ እያንቀጠቀጠው ‹‹ገንዘቡ ቢቀር እስክስታ ተምሬ መጣሁ›› ያለ ልጅ አውቃለሁ። እሱን የሚቀርጽ ካሜራ የታለ?