ቀለሙ ሄደ፣ ጨው ቀረ

በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት የምትገኘው ቲሩፑር የካናቴራ ከተማ ናት፤ ምርቷ እስከ አውሮፓና አሜሪካ ይሸጣል። ኖይያል የተባለው ወንዝ ከተማዋን አቋርጦ ወደ ካቬሪ ወንዝ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1992 ከከተማዋ በታች ኦራቱፓላያም የሚባል የመስኖ ግድብ ተሠራበት። ብዙ ሳይቆይ ግድቡ የማቅለሚያ ፋብሪካዎች ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ኩሬ ሆነ። በአካባቢው ያለው የጉድጓድ ውሃም ጨው ጨው ይል ጀመር። ግድቡ የተሠራላቸው ገበሬዎችም ማሳቸውን ሊያጠጡበት ስላልቻሉ ፍርድ ቤት ሄደው ከሰሱ።

የኖይያልን ውድቀት በባለሀብቶች ስግብግብነት ብቻ ማስረዳት ይቀላል። ስግብግብነቱ በእርግጥ ነበረ። ነገር ግን ከተማዋ የጋራ ማጣሪያ ጣቢያዎችንም ሠርታ ነበር፤ ወንዙ ግን አላገገመም። እኔ እንደማየው ትልቁ ምክንያት ውሃን በመልኩ መፍረድ ነው።

ነገሩን ከማቅለሚያው በርሜል እንጀምር። ጥጥ በተለመደው ሪአክቲቭ ቀለም ሲነከር ቀለሙ ወደ ክሩ እንዲጠጋ በእያንዳንዱ ሊትር ውሃ ውስጥ በአሥር ግራሞች የሚቆጠር ጨው ይጨመራል፤ ክሩን አጥብቆ እንዲይዝ ደግሞ ሶዳ ይከተላል። እንዲያም ሆኖ፣ እንደ ዓይነቱ፣ ከ10 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ቀለም ሳይያዝ ታጥቦ ይወጣል። ጨው ግን ጨርቁ ላይ ስለማይቀር ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ወደ ቦይ ይሄዳል።

ደቂቅ ዘአካላት የሚደርሱልን ለቀለሙ ነው። አብዛኞቹ የጨርቅ ቀለሞች አዞ የሚባለው ወገን ናቸው፤ ቀለም የሚሰጣቸውም ሁለት የናይትሮጅን አተሞች የተያያዙበት ማሰሪያ ነው። ኦክስጅን በሌለበት ገንዳ ባክቴሪያዎች ይህን ማሰሪያ ይበጥሱታል፤ ደም የመሰለው ውሃ ይጠራል። ድንቅ ሥራ ነው፤ ጣጣውም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ከተበጠሰው ቀለም የሚወጡት አሚን የተባሉ ውህዶች ለዓይን አይታዩም፤ ጥቂቶቹም ካንሰር አምጪ ናቸው። እነሱን እስከ መጨረሻው የሚሰባብሩት በአየር የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አየር የሌለው ገንዳ፣ ቀጥሎ አየር ያለው ገንዳ ነው። በመጀመሪያው ላይ የሚያቆም ማጣሪያ መርዙን ደብቆ ያሳልፈዋል።

የሁለተኛውን ገንዳ ጤንነት ለማወቅ ሠራተኛው አንድ ሊትር የሚይዝ ባለ መስመር ብርጭቆ ከገንዳው ሞልቶ ለ30 ደቂቃ ያስቀምጠዋል። ቡናማው ዝቃጭ ተሰብስቦ ወደ ታች ከሰከነ፣ በላዩም የጠራ ውሃ ከቀረ፣ ባክቴሪያዎቹ ደህና ናቸው። ዝቃጩ ተበታትኖ ከተንሳፈፈ ግን የሆነ ነገር አግኝቷቸዋል፦ ሳይበርድ የተለቀቀ ውሃ፣ በአንዴ የመጣ ሶዳ፣ ወይም ሌሊት ወጪ ለመቆጠብ የተዘጋ አየር መንፊያ። ብዙ ማጣሪያ ቀስ በቀስ የሚወድቀው እንዲህ ነው። ፋብሪካ ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚቀንሰው ካናቴራ የማያመርተውን ክፍል ነው።

ይህ ሁሉ በትክክል ቢሠራ እንኳ ጨዉ እንዳለ አለ። ባክቴሪያ ጨው አይበላም። ውሃው ቀለሙ ለቆት፣ ሽታው ጠፍቶ፣ መሬቱን ማምከኑን ይቀጥላል። ጨውን የሚያስቀረው በሜምብሬን ማጣራትና የቀረውን አፍልቶ ማትነን ነው፤ ሁለቱም ኃይል ይበላሉ። የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 ፍሳሽ ጨርሶ እንዳይወጣ አዘዘ፤ ትእዛዙ ባለመከበሩ በጥር 2011 ከ700 በላይ ማቅለሚያዎች እንዲዘጉ ወሰነ። ብዙ ሠራተኛ ያለ ሥራ ቀረ። ቀድሞ ያልተከፈለው ወጪ በመጨረሻ የወደቀው እነሱና ገበሬዎቹ ላይ ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሽ የማያስወጣ ማጣሪያ የተሠራው በአንድ የሕንድ ኩባንያ ነው። እንዲህ ያለው ማጣሪያ እዚያ ቅንጦት አይደለም፤ የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ የለውም። ኖይያል ቢያንስ ጨዉን ወደ ካቬሪ ይገፋል፤ ሐዋሳ የገባውን የሚገፋበት ወንዝ የለውም።

ሻላና ጭቱን በመሰሉ የስምጥ ሸለቆ የሶዳ ሐይቆች ጨውና ሶዳ የለመዱ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ የአገራችን ተመራማሪዎችም አጥንተዋቸዋል። ተራ ባክቴሪያ በሚሞትበት የማቅለሚያ ውሃ ውስጥ ሊሠሩ ስለሚችሉ ምርምሩ ገንዘብም ክብርም ይገባዋል። ነገር ግን እነሱም ጨውን ይችሉታል እንጂ አያጠፉትም። ይህን ሳይናገር «መፍትሔው ተገኘ» የሚል ሰው የኖይያልን ስህተት እያስደገመን ነው።

ፋብሪካ የምትቆጣጠሩ ባለሙያዎች ሆይ፣ የጠራ ውሃ በብርጭቆ ሲያሳዩአችሁ አትመለሱ። የጨዉን መጠን ለኩ፤ አሚኖቹን አስመርምሩ፤ የአየር መንፊያውን የመብራት ሒሳብ ከወር ወር አስተያዩ።