ሱሉልታ ላይ ማን ይሞቃል?

ኅዳር ሲታጠን ካለፈ ወዲህ የአሜሪካ ጡረተኞቻችን መግባት ጀምረዋል። ሚኒሶታ በረዶው ሲከመር ይመጣሉ፣ ፋሲካን ውለው ይመለሳሉ። አንዳንዱ ሰበታ፣ አንዳንዱ ቡራዩ ቤት አለው፤ የእኔ ዘመዶች፣ ጋሼና ባለቤታቸው እትዬ፣ የሠሩት ሱሉልታ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እንኳን ደህና ገባችሁ ልል ብሄድ፣ ጋሼ ሳሎናቸው ውስጥ የሚኒሶታውን ጃኬት እስከ አንገታቸው ቆልፈው ተቀምጠዋል።

«ከብርድ ሸሽታችሁ አልነበር እንዴ የመጣችሁት?» አልኳቸው።

«እዚያ ብርዱ ደጅ ነው የሚያድረው። እዚህ አብሮን ይተኛል» አሉኝ።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ወዴት እንደምሄድ ገብቷችኋል። ሴራሚክ! ወለሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሴራሚክ፣ ፊት ለፊቱ መስታወት፣ ኮርኒሱ እንደ ካቴድራል የራቀ። የታኅሣሥ ሰማይ ጠርቶ ሲያድር ሜዳው ውርጭ ይመታዋል። ይህን የሚያውቀው የሱሉልታ ገበሬ ቤቱን በወፍራም ጭቃ መርጎ፣ መስኮቱን አሳንሶ፣ መሀሉ ላይ እሳት አኑሯል። እኛ ደግሞ «ዘመናዊ» ብለን ማቀዝቀዣ ውስጥ ገባን። ሴራሚክ ለጽዳት ይመቻል የሚሉኝ አሉ። የምታጸዳዋን ልጅ ጠይቋት፤ ካልሲ በካልሲ ላይ ደርባለች።

ቀኑ ግን ገነት ነው። ሦስት ሰዓት ገደማ እትዬ ሁለት ወንበር አስወጥተው ግንቡ ሥር ያስቀምጣሉ፤ ፀሐይዋ ስትዞር ወንበሮቹም ይዞራሉ። ጋሼ የግፊት ክኒናቸውን እዚያው ይውጣሉ። ሚኒሶታ ገና እኩለ ሌሊት ስለሆነ ለልጆቹ አይደወልም። ከሰዓት በኋላ ለቅሶ መድረስ ነው፤ በሌሉበት ያለፈው ሰው ብዙ ነው። ማታ ሳሎኑ ይቆለፍና ባለቤቶቹ ሰርቪስ ቤት፣ እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ አጠገብ ይሰበሰባሉ። እትዬ ከሰል ሳሎን ይግባ ብለው ነበር፣ ጋሼ እንኳንም ከለከሉ። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ስንቱን በተኛበት አስቀርቶታል።

ጡረታቸው ሠርተው ያጠራቀሙት ስለሆነ ሱሉልታም ይከተላቸዋል። በድጎማ የሚኖር ወዳጃቸው ግን ወንበሩን ሳያሞቅ ነው የሚመለሰው፤ ኤስኤስአይ የሚባለው ክፍያ ተቀባዩ ከአሜሪካ ወጥቶ 30 ቀን ከቆየ ይቋረጣል። ሜዲኬር የሚባለው የጤና መድኅናቸውም በአብዛኛው ባሕር ማዶ ላለ ሕክምና አይከፍልም። ሰው በልቡ ሱሉልታ፣ በጉበቱ ሚኒሶታ ይኖራል።

ከብርድ መሸሽ ለባልና ሚስት አዲስ ነገር አይደለም። ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውኃ ይወርዱ ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. እቴጌይቱ እዚያው ቤት ይሠራልኝ ብለው አዲስ አበባ ተቆረቆረች። የእኔዎቹ ግን ያንኑ ተራራ ተሻግረው፣ በጀርባው በኩል ሠሩ! ሞቃቷ አዳማ ምን አነሳት ብዬ ጠየቅሁ።

«አዳማ ማን ይቀብረኛል? ዕድሬ አዲስ አበባ ነው» አሉ እትዬ። አፌን ዘጋሁ።

ጋሼ አሁን ሳሎኑ ውስጥ ምድጃ ከነጭስ ማውጫው ሊያሠሩ ነው። ሠራተኛው መጥቶ ለካና፣ «ጋሼ፣ ሴራሚኩ ይፈርሳል እኮ» አላቸው።

«የጠራሁህ ለሱም ጭምር ነው፣ ልጄ።»