የውሻ ምላስና የሰው እጅ

ስለ ፍቅርና ስለ ሞት ማንበብ ለለመደ ሰው ስለ ውሻ ምላስ መጻፍ ቀልድ ሊመስለው እንደሚችል አላጣሁትም። ጉዳዩ ግን የፍቅርም የሞትም ነውና ጥቂት ታገሡኝ።

ነገሩ የተጀመረው ደባርቅ ነው፤ ከጎንደር ተነሥቶ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ዳባትን ካለፈ በኋላ በሰሜን ተራሮች ግርጌ የሚያገኛት፣ ብርዷ አጥንት ሰብሮ የሚገባ ከተማ። እዚያ እኅቴ ቤት መቻል የሚባል ውሻ ነበር። መቻል አይነክስም፤ ይልሳል። እንግዳ ሲገባ እጁን ይልሳል። የተቀመጠ ሰው ካገኘ እግሩን ይልሳል። የአምስት ዓመቱን የእኅቴን ልጅ ደግሞ ከአገጩ እስከ ግንባሩ ያዳርሰዋል። ሕፃኑ ይስቃል፤ ቤተ ሰቡም አብሮ ይስቃል። እኔ ስቆጣ «አንተ ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው ሆነህ ቀረህ!» እባላለሁ። አያቴማ «ልጄ፣ የውሻ ምላስ እኮ መድኃኒት ነው! የአልዓዛርን ቁስል ማን ላሰለትና?» ብለው አፌን አስያዙኝ። ለአያት መልስ አይሰጥምና ዝም አልሁ። ዛሬ የምጽፈው ያን ዕለት ያልመለስሁትን ነው።

አንድ ማለዳ ሕፃኑ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ። ሁሉም በየሥራው ላይ ነበርና ማንም አላጠበለትም። መቻል መጥቶ ቁስሉን ላሰው። በሦስተኛው ቀን መቻል ምግብ እምቢ አለ፤ ለሃጩን ማዝረብረብ ጀመረ፤ ሌሊት ወጥቶም በዚያው ቀረ። አብዶ ይሁን ተመርዞ፣ ጅብ በልቶት ይሁን ገደል ገብቶ እስከ ዛሬ አናውቅም። ከዚያ በኋላ በእኅቴ ቤት እንቅልፍ የወሰደው ሰው አልነበረም። አንዱ «ባህል መድኃኒት አዋቂ ጋ ይሂድ» ይላል። ሌላው «ጸበል ይሻላል» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ምን ያስጨንቃችኋል? ላሰው እንጂ አልነከሰው!» ይላል። በመጨረሻ ቁስሉ በሳሙና ታጥቦ፣ ልጁ በማለዳው መኪና ክትባት ፍለጋ ጎንደር ወረደ፤ በየቀጠሮውም ተከትቦ ጨረሰ። ዛሬ ደኅና ነው። እኔ ግን ያችን «ላሰው እንጂ አልነከሰው» የምትል ቃል አልረሳኋትም። የምሟገተውም ከእርስዋ ጋር ነው።

እውነቱን ላለማዛባት በቅድሚያ ለተቃራኒዬ የሚገባውን ልስጥ። የውሻ ምላስ ጤነኛና ያልተላጠ ቆዳን ቢነካ የእብድ ውሻ በሽታ አያስይዝም። በቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን በሦስት ወረዳዎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናትም በበሽታው የሞቱት ሰዎች ሁሉ የተያዙት በውሻ ንክሻ እንደነበር ገልጿል። ስለዚህ ዋናው ጠላት ጥርስ ነው፤ ይህን አልክድም።

ነገር ግን ይኸው ጥናት በበሽታው የሚያዙትን ውሾች በዓመት ከ100,000 ከ400 በላይ አድርጎ ገምቷቸዋል። የበሽታው ቫይረስ የሚኖረው በምራቅ ውስጥ ነው። ከዚህም የከፋው፣ ውሻው ገና ሳያብድ፣ ጅራቱን እየቆላ ሳለ፣ ምልክቱ ከመታየቱ ቀናት አስቀድሞ ቫይረሱ ምራቁ ውስጥ ሊገኝ መቻሉ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የተላጠ ቆዳን፣ ዓይንን፣ አፍንጫን ወይም አፍን ውሻ ቢልስ አደጋውን የሚመድበው ደም ካፈሰሰ ንክሻ እኩል ነው። የሚያዘውም አንድ ነው፤ ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩም ወደ ሐኪም መሄድ። በሽታው አንዴ ምልክቱን ካሳየ የሚመልሰው መድኃኒት የለምና።

አሁን ልጠይቅ፤ በደባርቅና በዳባት ያልተላጠ ቆዳ ያለው ሕፃን የታለ? እረኛው እግሩን እሾህ ቧጭሮታል። ተረከዙን ውርጭ ሰንጥቆታል። ከንፈሩን ብርድ አድርቆ አድምቶታል። ጤነኛ ቆዳ የሚባለው ነገር በመጽሐፍ ላይ የተጻፈ እንደሆነ እንጂ በደጋ ልጅ ገላ ላይ ብዙ አይገኝም። እንግዲህ «ላሰው እንጂ አልነከሰው» የሚል ሰው የልጁን እግር አጎንብሶ አላየም ማለት ነው።

ሁለተኛም ነገር አለ። በበዓል በግ ሲታረድ ሳንባውና ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ብናገኝ ምን እናደርጋለን? «ለውሻ ጣሉት» እንላለን። ያ ከረጢት ግን የኮሶ ዘመድ የሆነ የአንዲት ጥቃቅን ትል ዕጭ ያለበት ነው። ውሻው በበላው ጊዜ ትሏ በአንጀቱ ውስጥ ታድጋለች፤ ዕንቁላሏም ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ውሻ በምላሱ መቀመጫውን ያጸዳል፤ በዚያው ምላስ የሕፃኑን ፊት ይልሳል። ከዓመታት በኋላ ያው ከረጢት በሰው ጉበት ውስጥ ይገኛል። ውሻው አልበደለንም፤ የሰጠነውን ነው የመለሰልን። እንዲህ ያለውን ሥጋ ወደ ጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ግን ምን ያህል ድካም ነበር?

ወደ አልዓዛር ልመለስ፤ ያልተመለሰው የአያቴ ጥያቄ ያለው እዚያ ነውና። የሉቃስን ወንጌል በማስተዋል ያነበበ ሰው ውሾቹ የመጡት ሐኪም ሆነው እንዳልሆነ ያያል። አልዓዛር በባለጸጋው ደጅ ወድቋል፤ ፍርፋሪ የሚሰጠው የለም፤ ቁስሉን የሚያጥብለት የለም። ውሾቹ የተጠሩት የመከራው ልክ እንዲታይ ነው፤ ሰው ባልመጣበት ቦታ ውሻ መጣ። እኛ ግን ከዚያ ሁሉ ታሪክ የባለጸጋውን ነውር ትተን የውሻውን ምላስ ወሰድን፤ የሰው እጅ የጎደለበትን ሥዕል እንደ ሐኪም ማዘዣ አነበብነው። እምዬ፣ ይቅር ይበሉኝና መልሴ ይህ ነው፤ የአልዓዛርን ቁስል ውሻ የላሰው እኛ ስላላጠብንለት ነው። የእኅቴ ልጅ ጉልበትም እንዲሁ።

ይህን በሰማ ጊዜ ዱላውን የሚያነሣ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እርሱ ደግሞ ሁለተኛው ተቃራኒዬ ነው። ውሻን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር በድንጋይ እናባርረዋለን፤ ስሙን ስድብ አድርገነዋል፤ በየከተማው በመርዝ ፈጅተነዋል። ውጤቱ ምን ሆነ? ውሻን በጅምላ መግደል በሽታውን እንደማይገታ የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ ተናግሯል። የሚገታው ከመቶው ውሻ ቢያንስ ሰባው ሲከተብ ነው። ዱላም ላሽን ውሻ ነካሽ ያደርገው እንደሆነ እንጂ ጨዋ አያደርገውም።

ለምን ቢሉ፣ የሚልስ ውሻ ነውረኛ አይደለም፤ የተማረውን የሚያደርግ ነው። ቡችላ ሳለ የእናቱን አፍ የሚልሰው የዋጠችውን ምግብ እንድታወጣለት ነው። ከደባርቅ በላይ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ግልገልም ከአደን የተመለሱትን ታላላቆቹን የሚቀበላቸው አፋቸውን እየላሰ ነው። መላስ ማለት «አብሉኝ፤ እዩኝ» ማለት ነው። ታዲያ ውሻው ፊታችንን ሲልስ ከሳቅን፣ ከጮህን፣ ከገፋነው ሁሉንም እንደ መልስ ይቆጥረዋል፤ ግፊያው ጨዋታ፣ ጩኸቱ ዘፈን ይሆንለታል።

ስለዚህ ማስተው የሚቻለው መልሱን በመንሣት ነው። መላስ ሲጀምር ዝም ብሎ መነሣት፣ እጅን መሰብሰብ፣ ጀርባን መስጠት። ሲተው፣ አራት እግሩ መሬት ላይ ሳለ፣ ያን ጊዜ ረጋ ብሎ ማሻሸት። የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ልብ መሆን አለበት፤ አባት የከለከለውን ልጅ ከፈቀደው ትምህርቱ ፈረሰ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሻው ብሶበት ሊልስ ይችላል፤ የቀድሞ መልሱን ፍለጋ ነውና መሸነፍ አይገባም። ሕፃናትን እንደ ዛፍ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ፣ ፊታቸውንም እንዲያዞሩ ማስተማር ነው። ወጥ የነካ እጅን መታጠብ፣ ቅቤ የተቀባ ራስን መሸፈን ነው፤ ጨውና ቅባት ይጠሩታልና። ሌሊት ሊጠብቀን የሚነቃው ውሻ ቀኑን ሙሉ በአጭር ገመድ ታስሮ ከዋለ ደግሞ፣ ሲፈታ ያገኘውን ሁሉ ቢልስ አይፈረድበትም። ጥቂት ፈታ ማድረግ፣ የሚያላምጠው ነገር መስጠት፣ ከሁሉም በላይ ማስከተብ።

ክትባቱ ለልጆቻችን ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች ተሻግሮ በዌብ ሸለቆ ብዙዎቹን ፈጅቷል። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከኢትዮጵያ ውጭ አንድም የለም። ከእነዚህ ጥቂቶቹ ከደባርቅ በላይ ናቸው። መንጋ ተከትሎ ወደ ተራራው የሚወጣ ያልተከተበ ውሻ የሚያደርሰው ምን እንደሆነ ባሌ አሳይታናለች።

«ፍቅሩን ከልክለህ ምን ቀረው?» የሚለኝ ወዳጅ አለ። የቀረው ብዙ ነው፤ ጅራቱ አለ፣ ዓይኑ አለ፣ በውርጭ ሌሊት በደጃፍ የሚያሰማው ድምፅ አለ። እኛም ለእርሱ ያለን ፍቅር የሚለካው ፊታችንን ለምላሱ በመስጠት አይደለም፤ እንደ መቻል ሌሊት ወጥቶ ሲቀር «አብዶ ይሆን?» ብለን እንዳንጨነቅ አስቀድመን በማስከተባችን ነው። መቻልን አላስከተብነውም ነበር። ይህን ስጽፍ ደስ ብሎኝ አይደለም።

እኅቴ ቤት አሁን ሌላ ቡችላ አለ። ባለፈው ስሄድ ሊልሰኝ ዘለለ፤ ተነሥቼ ጀርባዬን ሰጠሁት። የእኅቴ ልጅ ግን ከእኔ ቀድሞ እንደ ዛፍ ቆሞ ነበር። ጉልበቱ ላይ አዲስ ጭረት አየሁ፤ ታጥቦ ነበር። አያቴ ናቸው ያጠቡት።