የተግባር ልምምድ፦ ከጽሕፈት ቤት ወይስ ከማሳ?

ለተግባር ልምምድ የሚወጣ የግብርና ኮሌጅ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ለከተማ የቀረበውን የወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው። ይሁንና ጤፍን በመስመር መዝራት በሐምሌ፣ የስንዴ ዋግን ማሰስም በመስከረም ማሳ ላይ እንጂ ሪፖርት በማጠናቀር የሚለመድ ሙያ አይደለም።

ስለዚህ ተማሪው ቦታ ከመምረጡ በፊት ሦስት ጉዳዮችን ሊያጣራ ይገባል። በቀበሌው የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል የለማ የሠርቶ ማሳያ መሬት አለ? የሚያለማምደው ባለሙያ ዘርፍ፣ ሰብልም ሆነ እንስሳት ወይም የተፈጥሮ ሀብት፣ ከእርሱ ትምህርት ጋር ይገጥማል? የልምምዱ ጊዜስ የእርሻ ወቅት ነው?

የዛሬው ተለማማጅ የነገ የልማት ሠራተኛ ነው። ዋግን በዓይኑ ሳያይ የተመረቀ ባለሙያ ለሚሰጠው የተሳሳተ ምክር ዕዳ ከፋዩ አርሶ አደሩ ነው። አርሶ አደሩም ለተለማማጁ ማሳውን ቢያሳየው የሚጠቅመው ራሱን ነው።