ዐይናቸውን ጨፍነው የሳቁት እማማ

ማክሰኞ ማታ ነው፤ 4 ሰዓት አልፏል። ከሦስት ዓመት በፊት ሠርጓን ያነሣሁላት ልጅ ደወለች።

«ጋሼ፣ በዚህ ሰዓት ስለደወልኩ ይቅርታ። አያቴ ዐረፉብን። ቀብሩ ነገ 6 ሰዓት ነው። ያለን የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለችው ጉርድ ብቻ ናት፤ ፎቶ ቤት ወስደን ብናስጎላት እሳቸውን አልመስል አለች። ከሠርጌ ፎቶ ውስጥ አንድ አይጠፋም ብዬ ነው።»

«ነፍስ ይማር፤ እፈልጋለሁ» አልኩና ተነሥቼ ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ።

እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣልኝ የመጀመሪያዬ አይደለም። በዓመት አራት አምስት ጊዜ ይደወላል፤ ሁልጊዜም በማታ። «የሠርጉ ዕለት በርበሬ ቀንጥሱ» የተባለው ለድግስ ቢሆንም የሚብሰው በልቅሶ ነው። ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ ነው ቤተሰቡ ፎቶ እንደሌለው የሚያውቀው። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ «የሠርግ ፎቶ» እላለሁ። ሰው የሚፈልገኝ ግን ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ሲዳር፣ አንዴ ሲያለቅስ። ቀብድ የምቀበለው ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

ሠርጉን አገኘሁት። ለሙሽሮቹ ያስረከብኩት 420 ፎቶ ነው። ቀለበቱ አበባ ላይ፣ ቬሎው መስኮት ላይ ተሰቅሎ፣ ሚዜዎቹ እየዘለሉ። አያትየዋን ፍለጋ አንድ በአንድ አለፍኳቸው። አንዱ ላይ ከኬኩ ጀርባ የነጠላቸው ጥለት ይታያል። የቤተሰቡ ፎቶ ላይ ሁለተኛው ረድፍ ውስጥ አሉ፤ ከፊታቸው የቆመ ረጅም ጎረምሳ ግማሽ ፊታቸውን ከልሏቸዋል። ሌላው ላይ ጀርባቸው ነው። ለሙሽራዋ ጫማ ብቻ አሥራ አንድ ፎቶ ሰጥቻለሁ። ለአያቷ ግማሽ ፊት።

እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ ለማስረዳት የሥራችንን ጠባይ ልንገራችሁ።

የእኛ ዓመት የሚሄደው በባሕረ ሐሳብ ነው። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያሉት ቅዳሜና እሑዶች ይጣበባሉ፤ አንዳንዱ ቀን ሦስት ሰው ይፈልገዋል። 55ቱ የጾም ቀናት ሲገቡ ሌንስ እናስጠርጋለን፣ የተጠራቀመ አልበም እንሠራለን። በዚያ ወቅት የሙስሊም ወገኖቻችን ኒካሕ ባይኖር እኛም ጾማችንን እናድር ነበር። ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ እንደገና ግርግር ነው። ሰኔና ሐምሌ ደግሞ የምርቃት ነው፤ ገዋን፣ ቆብና አበባ።

የሠርጉ ዕለት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሙሽራዋ ስትኳኳል ይጀምራል። ሁለት ካሜራ፣ ስድስት ባትሪ፣ እያንዳንዷን ፎቶ በአንድ ጊዜ ሁለት ሚሞሪ ካርድ ላይ መጻፍ፤ አንዱ ቢበላሽ ሠርግ አይደገምምና። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በካልሲ እየተራመድን፣ ያለ ፍላሽ፣ በጧፍና በመስኮት ብርሃን ተክሊሉን እናነሣለን። ካሜራው ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ነው የሚያውቀው። እንደ ጥጥ የነጣ ቬሎ ሲሞላበት «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልማል፤ ቬሎው አመድ፣ የጠይሟ ሙሽራ ፊት ከሰል ይሆናል። ለፊቷ ሲሉ ብርሃን ቢጨምሩ የቬሎው ጥልፍ ተቃጥሎ ይጠፋል። በፊልሙ ዘመን ጉዳዩ የባሰ ነበር። ማጠቢያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት ኮዳክ በሚልክላቸው ካርድ ሲሆን፣ ካርዱ ላይ የምትታየው ለብዙ ዓመት ነጭ ሴት ነበረች፤ «ሸርሊ ካርድ» ይሏታል። በእሷ ፊት የተለካ ቀለም የእናቶቻችንን ፊት አያውቀውም። ስለዚህ የእኛ ሰው ሙያውን የተማረው መለኪያውን ባለማመን ነው። ዛሬም ለረዳቴ መጀመሪያ የማስተምረው ቬሎውን ትተህ ፊቱን ለካ ብዬ ነው።

ይህን ሁሉ ተጠንቅቀን ከቤተ ክርስቲያን እንወጣና የቀኑን ትልቁን ስሕተት እንሠራለን። «የፎቶ ፕሮግራም» ይባላል። ድሮ ጊዮን ሆቴል ግቢ ነበር፤ አሁን እንጦጦ ፓርክ ወይም ወዳጅነት ፓርክ ነው። ሙሽሮቹ ይሮጣሉ፣ ይዞራሉ፣ ግንባር ለግንባር ይገጥማሉ፤ ሩጡ ባዩ ደግሞ እኔ ነኝ። ሁለት ሦስት ሰዓት ይሄዳል። በዚያው ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ምን አለ? አያቶች አሉ። ከደብረ ብርሃን፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ሌሊት ተነሥተው የመጡ አጎቶችና አክስቶች አሉ። ሹሩባቸውን የተሠሩ፣ የዓመቱን ምርጥ ልብስ የለበሱ፣ መስኮት ሥር ደኅና ብርሃን ላይ ቁጭ ብለው ምግቡ እስኪከፈት የሚጠብቁ። ያ ቤተሰብ በሙሉ አምሮበት፣ ሥራ ፈትቶ፣ አንድ ቤት ውስጥ የሚቀመጥበት ሌላ ቀን የለም። ፎቶ አንሺው ግን ፓርክ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ፎቶ ቀድሞ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ቤተ መንግሥት ነው፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአጼ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም የአባታቸውን ሙያ ይዘው ቤተ መንግሥቱን አገልግለዋል። ከዚያ ፎቶ ቤቱ ወደ ሕዝቡ ወረደ። ሰው ለዓውደ ዓመት ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ ልጆቹን ይዞ፣ በእግሩ ፎቶ ቤት ይሄድ ነበር። ወንበሩ ላይ አባት፣ ከጎኑ እናት፤ ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ» ተብሎ ቀኑ ይጻፋል። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ብቻ ስለሚያወጣ ማንም ለጫማ አሥራ አንድ አያባክንም። ፎቶው ጥቂት ነበር፤ አባትና እናት ግን አሉበት።

ዛሬ እናቶቻችን ፎቶ ቤት የሚሄዱበት ጉዳይ እንኳን ቀርቷል። ፓስፖርቱም ፋይዳውም ፊታቸውን እዚያው መዝጋቢው ፊት ያነሣዋል። የልጅ ልጆቻቸው ስልክ ላይ አሉ ትሉኝ ይሆናል። ስልኩ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ይቀየራል። ዱባይ ያለችው ልጅ እናቷን የምታውቅበት ፎቶ በቴሌግራም ተጨምቆ ተጨምቆ የደረሳት ነው፤ አጉልቼ ግድግዳ ላይ ልስቀለው ስትል ይበታተንባታል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። የቅጂ መብት አዋጁም ስለ ፎቶ ሥራ መብት ይናገራል። ማቆየት ግን የማንም ግዴታ አይደለም። የምንፈራረምበት ወረቀት የአልበሙን መጠን፣ የፎቶውን ብዛትና የርክክቡን ቀን ይጽፋል፤ ስንት ዓመት እንደማስቀምጥ አንድ ቃል የለበትም። ሀርድ ዲስኩ ሲሞላ የቆየውን አጥፍቶ ለአዲሱ ቦታ መልቀቅ በሙያችን የተለመደ ነው። አቶ ሽመልስ ደስታ በቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነት ያነሡት ታሪክ ዛሬ የሚታየው ነጋቲቮቹን ጠብቀው ስላቆዩ ነው። እሳቸው ያቆዩት ንጉሥን ነው፤ የእኔ ደንበኛ የምትፈልገው አያቷን ነው። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ግን አንድ ነው።

አሁን ወደዚያች ማክሰኞ ልመለስ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ፣ 420ውን ለሁለተኛ ጊዜ ስጨርስ፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አያትየዋን አንሥቻቸዋለሁ። ማታ ላይ አንዱ ሚዜ እስክስታ ሲመታ ክራቫቱ ወጥ ውስጥ ገባ፤ እሳቸው የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው፣ ዐይናቸውን ጥርቅም አድርገው ሳቁ። ሦስት ጊዜ ነው የተኮስኩት። በዚያ ሠርግ 2,600 ፎቶ አንሥቼ ነበር። ስንመርጥ ደንባችን አጭር ነው፤ የተወዛወዘ ይጠፋል፣ አፉን የሞላ ይጠፋል፣ ዐይኑን የጨፈነ ይጠፋል። ሦስቱንም አጠፋኋቸው። በሦስቱም ዐይናቸው ተጨፍኖ ነበርና።

ለልጅቷ ግማሽ ፊታቸውን ቆርጬ ላክሁላት። አመሰገነችኝ፤ ግን አልተጠቀሙበትም። በማግሥቱ ለቅሶ ስደርስ ድንኳኑ ውስጥ በፍሬም ያስቀመጡት ያችኑ የመታወቂያ ጉርድ ነው። የቀበሌው ማኅተም ክብ ግማሹ ትከሻቸው ላይ እንዳለ አብሮ ጎልቷል። አንዲት ጎረቤት አጠገቤ ቁጭ ብለው ፍሬሙን ትክ ብለው አዩና፣ «ምን ሆነው ነው እንዲህ የተኮሳተሩት? እሳቸው እኮ ሳቂታ ነበሩ» አሉ። አቀርቅሬ ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ለውጫለሁ። ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ያለበትን ፎቶ፣ ተወዛወዘም ተጨፈነም፣ አላጠፋም። የፎቶ ፕሮግራሙንም ለሁለት ከፍዬዋለሁ፤ ረዳቴ ከሙሽሮቹ ጋር ፓርክ ይሄዳል፣ እኔ ግማሹን ሰዓት አዳራሽ እቀራለሁ። ለምትዳሩ ልጆችም የምለው ይኸው ነው። ከፎቶ አንሺያችሁ ጋር ስትዋዋሉ ለድሮኑ ከምትከፍሉት ላይ ትንሽ ቀንሱና «ሽማግሌዎቹን ለየብቻ አንሣልን» የሚል አንድ መስመር አስገቡ። ፎቶው ሲደርሳችሁም ቢያንስ አሥሩን አሳጥባችሁ በእጃችሁ ያዙ። የሙያ ባልደረቦቼ «ማን ይከፍልበታል?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ለጊዜው የሚከፍልበት የለም።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ አባት መስኮት ሥር ለብቻቸው ተቀምጠው አየሁና ካሜራዬን አነሣሁ። በእጃቸው ከለከሉኝ። «ተወኝ እስቲ ልጄ፤ የሽማግሌ ፎቶ ምን ያደርግልሃል? ይልቅ ሙሽራዋን አንሣ» አሉኝ።

«ሙሽራዋ ፓርክ ናት፣ አባቴ። እኔ የመጣሁት ለእርስዎ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀና አሉ።